መከራን አይቶ ስለ ማዘንና ሳይታይ ስለ ማወቅ

በውቅያኖስ ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች ዐውሎ ነፋስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ከባሕር ተነሥቶ በአንድ ሌሊት ከተማን ያፈርሳልና፣ ወሬ ነጋሪውና ባለካሜራው ገና ውሃው ሳይጐድል ከቦታው ይደርሳሉ። ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው ነፋስ የአሜሪካን ከተማ ኒው ኦርሊንስን በመታ ጊዜ ዓለም ሁሉ ጥፋቱን በዚያው ሳምንት በቴሌቪዥን አየ። ከ1300 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ተራ ሰዎችም በየራሳቸው ጀልባ እየዞሩ በጣራ ላይ የቀሩትን አወረዱ። በዚያው ሰሞን ግን በመጠለያ ስለ ተሰበሰቡት ድኾች ብዙ የግድያና የዘረፋ ወሬ ተነዛ፤ ኋላ ሲመረመር አብዛኛው የተጋነነ ሆኖ ተገኘ። ወሬ ፈጥኖ መድረሱ ብቻውን እውነተኛ እንደማያደርገው ከዚህ እናስተውላለን።

በላስታና በመቄት ደጋ ግን እንዲህ ያለ ነፋስ የለም። በፍላቂት የሚኖር ሰው የሚያውቀው መቅሠፍት ረኃብ ነው፤ የረኃብም አመጣጥ ሌላ ነው። በመጀመሪያ በልጉ ይቀራል፤ ቀጥሎ ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፣ ወይም ጊዜው ሳይደርስ ይወጣል፤ የተረፈውን ገብስ ውርጭ ይመታዋል። ገበሬው አስቀድሞ በጉንና ፍየሉን፣ ከዚያ ላሙን፣ በመጨረሻም የእርሻ በሬውን ወደ ገበያ ያወጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ስለሚሆን የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ግን ይወጣል። በዚህ ሁሉ ወራት ለካሜራ የሚሆን ነገር አይገኝም፤ በሬውን እየነዳ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ሥዕል ማንን ያስለቅሳል? ሥዕል የሚሆነው ሰው ቤቱን ዘግቶ ወጥቶ በመንገድ ዳር ሲወድቅ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዘሩ ተበልቷል፤ በሬውም የለም።

የወሎ ረኃብ ሁለት ጊዜ ዘግይቶ የታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰውም ሆን ብሎ ሸፍኖታል። በ1965 ዓ.ም. ሕዝቡ ሲረግፍ የመንግሥቱ ጋዜጣና ሬዲዮ ዝም አሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳዩ፤ ተማሪዎችም ጮኹ። የውጭው ዓለም ያወቀው ግን ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ነው። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ሥዕል ጋር ተቀላቅሎ ለአገራችን ሕዝብ ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የረኃብተኛው ፊት እንጀራ መለመኛ መሆኑ ቀርቶ የሥልጣን መሣሪያ ሆነ።

ያን ፊልም ያሳየው ደርግ በተራው በመስከረም 1977 ዓ.ም. ዐሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር በወሎና በትግራይ ሰው ይሞት ነበር። የራሱ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ግን አስቀድሞ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የተራበውን ሕዝብ ቍጥር ጽፎ ለለጋሾች አሳውቆ ነበር። ቍጥሩ እጅግም አላንቀሳቀሳቸውም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የማይክል ቡርክ ንግግርና የኬንያዊው የመሐመድ አሚን ሥዕል ከኮረም ወጥቶ በለንደን በታየ ጊዜ ግን ዓለም ተነሣ። በሰባት ወር ውስጥ የተለወጠው የሰው ዕውቀት አይደለም፤ የተጨመረው ሥዕል ብቻ ነው።

የሥዕሉን ጥቅም አንክድም፤ ብዙ ነፍስ አድኗልና። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ለረኃብተኞች ገንዘብ ያሰባሰቡበት ዘፈን ግን በርእሱ፣ እነዚህ ሰዎች ልደት መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ገንዘቡ እህል ሆኗልና ዘፋኞቹን አንነቅፍም። ነገር ግን ጥያቄው ስለ ማን እንደ ተጠየቀ እናስብ! ከፍላቂት ወደ ጋሸና ተጕዞ ወደ ሰሜን የታጠፈ መንገደኛ ላሊበላ ይገባል። በዚያ ታኅሣሥ 29 ቀን ካህናቱ በቤተ ማርያም ዐለት ላይ ቆመው ቤዛ ኵሉን ይዘምራሉ፤ የአገሩ ሰዎችም ከሩቅ በእግሩ የመጣውን እንግዳ እግር ያጥባሉ። ሥዕሉ የሰውየውን ረኃብ አሳየ፤ ስሙንና አገሩን፣ እንግዳ ተቀባይነቱንም ግን አላሳየም። የመጨረሻውን ጥሬ ከጐረቤቱ ጋር የተካፈለውን ማን ፎቶግራፍ አነሣው? ከዚያ ዘመን የተረፈው ሁሉ በመርከብ በመጣ ስንዴ ብቻ አልተረፈም፤ ዘመድ ቤት የተጠጋ፣ በቀን ሥራ የሰነበተ፣ የዱር ቅጠል የቀቀለም ብዙ ነው።

ዛሬ ካሜራው በያንዳንዳችን ኪስ አለ፤ ስለዚህ ከእንግዲህ የሚሰወር መከራ የለም የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ ፈጽሞ አይረታንም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ ስልኩም መብራቱም ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መከራው በጸናበት ሰዓት ከዚያ አገር ሥዕል ሊወጣ አልቻለም።

በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ያላችሁ፣ በመቄት ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ደኅንነታቸውን በስልክ ስትጠይቁ ይህንም ጨምራችሁ ጠይቁ፦ በልጉ ዘነበ ወይ? ገብስ ስንት ገባ? በሬስ ስንት ያወጣል? አምና በአንድ በሬ ዋጋ የተገዛው እህል ዘንድሮ በሁለት በሬ የማይገዛ ከሆነ፣ በጋዜጣ ምንም ባይጻፍ ነገሩ ጀምሯል። በዚያ ሳምንት ግን ሰው ገና ከቤቱ አልወጣም፤ የዘሩም እህል ገና በጎተራው ነው።