ኮረንቲና ቮልቴጅ በግራፍ ሲታዩ

ለክረምቱ ዕረፍት ወደ መልካ ጀብዱ ተመልሰን በሰንበት ትምህርት ቤታችን ተፈታኝ ወንድሞችንና እኅቶችን ፊዚክስ ስናስጠና፣ አንዲት እኅታችን «የአምፖሉ ግራፍ ከጎበጠ የኦም ሕግ ውሸት ነው ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችን። በዕለቱ የሰጠናት መልስ አጥጋቢ ስላልነበረ እነሆ በጽሑፍ አቅርበነዋል።

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ኮረንቲው ቮልቴጁን ተከትሎ በእኩል መጠን እንደሚያድግ ያስረዳል። ይኸውም የዕቃው ሙቀት ካልተለወጠ ነው። ቮልቴጁን በአግድም፣ ኮረንቲውን ሽቅብ አድርገን ብንሥል፣ የ100 ኦም ሬዚስተር በ3 ቮልት 0.03፣ በ6 ቮልት 0.06 አምፔር ያሳልፋል፤ ነጥቦቹም ከዜሮ በተነሣ ቀጥ ያለ መሥመር ላይ ይሰለፋሉ።

ቁም ነገሩ ያለው ባለ ክሩ አምፖል ላይ ነው። ክሩ ተንግስተን የሚባል ብረት ሲሆን ሲበራ ወደ 2,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ብረት ሲግል ደግሞ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። የመልካ ጀብዱ ፀሐይ ያጋለው የመዳብ ሽቦ እንኳ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። በ220 ቮልት የሚሠራ የ60 ዋት አምፖል በርቶ ሳለ 0.27 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ሬዚስታንሱም 807 ኦም ያህል ነው። ቀዝቅዞ ቢለካ ግን ከዚህ ዐሥር እጅ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ግራፉ የሚጎብጠው ስለዚህ ነው። አሮጌ አምፖል ብዙውን ጊዜ ገና ሲበራ የሚቃጠለውም ቀዝቃዛው ክር ላይ ኮረንቲው ስለሚጎርፍ ነው። እንግዲህ የተለወጠው ሙቀቱ እንጂ ሕጉ አይደለም።

ተፈታኞች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በጎበጠ ግራፍ ሬዚስታንስ የሚገኘው የነጥቡን ቮልቴጅ ለነጥቡ ኮረንቲ በማካፈል ነው እንጂ፣ ኩርባውን ታኮ የሚያልፍ መሥመር ሥሎ ስሎፑን በመውሰድ አይደለም። በአግድም የተጻፈው የትኛው እንደሆነም አስቀድማችሁ እዩ። እኛ ራሳችን በዚህ ማርክ አጥተንበታል።

የዳዮድ ጠባይ ሌላ ነው። የሲሊከን ዳዮድ እስከ 0.6 ቮልት ገደማ ከሞላ ጎደል ምንም አያሳልፍም፤ ከዚያ በኋላ ኮረንቲው ሽቅብ ይተኮሳል። ተገልብጦ ቢገናኝ ይዘጋል፤ የስልክ ቻርጀር ተለዋዋጩን ኮረንቲ በአንድ አቅጣጫ የሚያስኬደው በዚህ ጠባዩ ነው። ቀይ ብርሃን የሚሰጠው ዳዮድ የሚከፈተው በ2 ቮልት ግድም ነው። እኛ ግን ግራፉን ሳናይ ከአራት የባትሪ ድንጋይ ማለትም ከ6 ቮልት ጋር በቀጥታ አገናኝተን አንዱን አቃጠልን! ለሁለተኛው ትርፉን 4 ቮልት የሚሸከም የ200 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገባን፤ ኮረንቲው 0.02 አምፔር ላይ ቆመ፤ እስካሁንም ይበራል።

ሙከራውን ራሳችሁ ልትሠሩት ብትፈልጉ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሁን። የቤቱ 220 ቮልት ይገድላል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሽቦማ 25,000 ቮልት ስለሚሸከም ሳይነኩት ቢቀርቡት እንኳ ይመታል። አምሜትሩ በተከታታይ፣ ቮልትሜትሩ በዕቃው ሁለት ጫፎች ላይ ይገናኝ። ግራፉን ሥላችሁ ስትመጡ አብረን እናየዋለን።