የተዘጋ በርና ያልተሻረ ጥሪ
ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት

መነሻ ንባባት፦ የሐዋርያት ሥራ 16፥6-10፤ ሉቃስ 2፥25-38፤ ዕብራውያን 11፥8-16

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

መግቢያ

በሐረር የኖረ ሰው ሁሉ የጁገልን ግንብ ያውቃል። በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች ነበሩት። በቀድሞው ዘመን በሮቹ ማታ ስለሚዘጉ፣ መሽቶበት የደረሰ መንገደኛ ጠዋት እስኪከፈት ድረስ ከውጭ ያድር ነበር። ይሁን እንጂ የበሩ መዘጋት መንገደኛው የመጣበትን ጉዳይ አይሽርም፤ የሚገባበትን ሰዓት ብቻ ያዘገያል።

በመንፈሳዊ ሕይወታችንም እንዲህ ያለ ሌሊት ይገጥመናል። ለዓመታት ልጅ የለመኑ ባልና ሚስት አሉ። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት አለ። በሩቅ ጸሎት ቤት ጥቂት ሕፃናትን ሰብስቦ የሚያስተምር፣ የድካሙንም ፍሬ ያላየ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር አለ። እነዚህ ሁሉ በልባቸው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «እግዚአብሔር ጠርቶኝ ከሆነ በሩ ለምን ተዘጋ?» የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን ጥያቄ በቅዱሳት መጻሕፍትና በገዛ ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ብርሃን መመልከት ነው።

1. ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስተምሩን

አብርሃም ከካራን ሲወጣ የ75 ዓመት ሰው ነበር (ዘፍ. 12፥4)። ይስሐቅ ሲወለድለት ግን መቶ ዓመት ሞልቶት ነበር (ዘፍ. 21፥5)። በተስፋውና በፍጻሜው መካከል 25 ዓመት አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አብርሃም ድንኳኑን ተከለ፣ መሠዊያ ሠራ፣ እንግዳ ተቀበለ፣ ስለ ሌሎችም ማለደ። ተስፋው እስኪፈጸም ድረስ ሕይወቱን አላቆመም።

ቅዱስ ጳውሎስም በሁለተኛው ጉዞው በእስያ ሊሰብክ ፈልጎ ነበር፤ መንፈስ ቅዱስ ከለከለው። ወደ ቢታንያም ሊገባ ሞከረ፤ እርሱም አልተፈቀደለትም። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ቅዱስ ሉቃስ ክልከላው በምን መንገድ እንደ መጣ አልነገረንም፤ ምክንያቱንም አልጻፈልንም። ጳውሎስ ያወቀው «በዚህ አይደለም» የሚለውን ብቻ ነበር። «በዚያ ነው» የሚለውን የሰማው ጢሮአዳ ደርሶ የመቄዶንያውን ሰው በራእይ ባየ ጊዜ ነው። እግዚአብሔር አንዱን መንገድ ሲዘጋ ሌላውን ወዲያው ላያሳየን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ነቢይቱ ሐና ደግሞ በመበለትነት ብዙ ዘመን ኖራ፣ በጾምና በጸሎት ሌሊትና ቀን እያገለገለች፣ ከቤተ መቅደስ ሳትለይ ቆየች። ሕፃኑ ኢየሱስ በዮሴፍና በማርያም እጅ ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜ ሐና እዚያው ነበረች። የታማኝነት አንዱ መልክ ይህ ነው፤ ጌታ ሲመጣ በተመደብንበት ስፍራ መገኘት።

2. የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ምስክርነት

የሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት መነሻው በ1846 ነው። በዚያ ዓመት ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ ምድር ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቁመው፣ ጣሊያናዊውን ካፑቺን አባት ጉልየልሞ ማስያስን ጳጳስ አድርገው ላኩ። አቡነ ማስያስ ከተላኩበት ሕዝብ ዘንድ የደረሱት ግን በኅዳር 1852 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በምጽዋ፣ በኤደን፣ በግብፅና በሱዳን በኩል መንገድ ሲፈልጉ ቆዩ፤ በመጨረሻም የነጋዴ መልክ ይዘው ዓባይን ተሻግረው ጉድሩ ገቡ።

እነዚያ ስድስት ዓመታት ከንቱ ነበሩን? አልነበሩም። አቡነ ማስያስ በምጽዋ ሳሉ፣ በጥር 1849 ሕዝቡ አባ ያዕቆብ የሚላቸውን ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስን በስውር ጳጳስ አድርገው ቀቡ። ወደ ኦሮሞ ምድር የሚወስደው በር ዘግይቶ በመከፈቱ የሰሜኑ ካቶሊካዊ ማኅበረሰብ ጳጳሱን አገኘ። አንዱ የጠበቀበት ጊዜ ለሌላው የጸጋ ጊዜ ሆነ።

ሁለተኛው መጠበቅ ከዚህ ይልቅ መራራ ነበር። አቡነ ማስያስ በ1861 ከከፋ ተባረሩ። ወደ ስብከት ስፍራቸው ለመመለስ አስበው በ1868 ሸዋ ሲደርሱ፣ ምኒልክ ከዘንድ እንዳይለዩ ያዟቸው፤ በዚያም ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር ሲወጡ የ70 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ለተመልካች ሰው ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስል ነበር።

ሆኖም አብረዋቸው የተሰደዱትና የተተኩላቸው አቡነ ታውሪን ካኻኝ ወደ ሸዋ የሚመለሱበት መንገድ ስላልተገኘ በባሕሩ በኩል መጥተው በ1881 ሐረር ገቡ። ከተማዪቱ በዚያን ጊዜ በግብፃውያን እጅ ነበረች። የሸዋው በር ባይዘጋ ኖሮ የሐረሩ በር በዚያ ዘመን ይንኳኳ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ዛሬ በሐረር ከተማ ቅዳሴ የምናስቀድስ ምእመናን የአንድ ስደት ፍሬዎች መሆናችንን ልንዘነጋው አይገባም።

3. ፍጻሜውን ሳያዩ ማገልገል

በ1880ዎቹ ወደዚህ አገር የመጡት ፈረንሳዊው አባ እንድርያስ ዣሮሶ በ1900 ጳጳስ ሆነው ቪካሪያቱን ለሠላሳ ሰባት ዓመታት ያህል መሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሐረርን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። በጥር 1941 በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ ዐረፉ። በልጅነታቸው ያወቋቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ከአራት ወር ያህል በኋላ፣ በግንቦት 1941 ነበር። አረጋዊው ጳጳስ የአገሪቱን ነጻነት ሳያዩ፣ ከመንጋቸውም ርቀው አለፉ። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት እንደሚያስተምረን፣ ብዙ ቅዱሳን ተስፋውን ከሩቅ ተሳልመው በእምነት ሞተዋል።

በእርሳቸው ዘመን ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ በ1901 በሐረር አጠገብ የተመሠረተው፣ በቅዱስ እንጦንዮስ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ለዚህ በሽታ በዓለም ሁሉ ፈዋሽ መድኃኒት አልነበረም። የመጀመሪያው ውጤታማ መድኃኒት መሰጠት የጀመረው በ1940ዎቹ ነው። እንግዲህ አገልጋዮቹ አርባ ዓመት ያህል ቍስል ሲያጥቡ፣ ሲመግቡና ሙታንን ሲቀብሩ ኖሩ፤ መፈወስ ግን አልቻሉም። ይህ ሽንፈት ነውን? አይደለም። ሰው ሁሉ የሸሸው ሕመምተኛ በስሙ ተጠራ፣ ማዕድ ቀረበለት። እግዚአብሔር የጠራቸው እንዲወዱ ነበር፤ ያንንም በየቀኑ ፈጽመዋል። የጥሪ ፍጻሜ ሁልጊዜ በመጨረሻው ቀን ብቻ አይገኝም፤ ዛሬ በሚደረገው ታማኝ ሥራ ውስጥም አለ።

4. ሁለት ስሕተቶችን እንጠንቀቅ

አንደኛው፣ የተዘጋውን በር ሁሉ እግዚአብሔር ዘጋው ማለት ነው። ብዙ በሮች በሰው በደል፣ በአድልዎ፣ በጦርነትም ይዘጋሉ። እግዚአብሔር ክፋትን አይወድም፤ ነገር ግን በሰው ክፋት ጥሪው አይሸነፍም። ዮሴፍ ወንድሞቹ ያደረጉት ክፋት መሆኑን አልካደም፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም እንዳዋለው መሰከረ (ዘፍ. 50፥20)። ስለዚህ ግፍ የደረሰበትን ወንድማችንን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ቻለው» ብለን አናሰናብተው፤ አብረነው እንቁም እንጂ።

ሁለተኛው፣ መጠበቅን ከስንፍና ጋር ማደባለቅ ነው። የታመመ ሰው ይጸልያል፤ ሐኪም ዘንድም ይሄዳል። ሥራ ያጣ ወጣት ይጸልያል፤ የተገኘውን ሥራ ሳይንቅ ይሞክራል። በሌላ በኩልም የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከመጠበቅ መሰልቸት የተነሣ ያልበሰለ ውሳኔ ላይ መድረስ አይገባም። የጥሪ ጉዳይ በጸሎት፣ በንስሓ አባት ምክርና በቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ይመረመራል።

5. ለዕለት ተዕለት ሕይወታችን

በመጀመሪያ፣ ኀዘናችንን ለእግዚአብሔር ሳንደብቅ እንንገረው። የመዝሙረ ዳዊት ጸሎቶች «እስከ መቼ» ብለው መጠየቅን አያፍሩበትም። ቀጥሎ፣ በየማታው «ነገ ምን ይመጣል?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ በእጄ የተሰጠኝ ማን ነበር?» ብለን ኅሊናችንን እንመርምር። በመጨረሻም፣ የሚጠብቀውን ሰው ብቻውን አንተወው። ልጅ ያልወለደችን እኅት በምክር ብዛት ከማድከም ይልቅ ቤቷ ሄዶ ቡና አብሮ መጠጣት ይሻላል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም የተማሪዎቻቸው ቍጥር ሲያንስ፣ የሚተክለውና የሚያጠጣው ሰው ሲሆን የሚያሳድገው እግዚአብሔር መሆኑን ያስቡ (1ቆሮ. 3፥6-7)።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በሕይወታችን ከተዘጉት በሮች ውስጥ በኋላ ለሌላ ሰው በረከት ሆኖ የተገኘ አለን?
ለ. ፈውስ በማይገኝበት ዘመን ሕሙማንን ማገልገል ስለ ጥሪ ምን ያስተምረናል?
ሐ. በቁምስናችን ለረጅም ጊዜ እየጠበቁ ያሉት እነማን ናቸው? በዚህ ወር ማን ይጎበኛቸዋል?

ጸሎት

የአብርሃም፣ የሐናና የአባቶቻችን አምላክ ሆይ፤ በሩ በተዘጋበት ሌሊት ከእኛ አትለይ። የምንለምነው ሲዘገይ ፍቅራችን አይቀዝቅዝ፤ ዛሬ የሰጠኸንን ሥራ በደስታ እንድንፈጽም ጸጋህን ስጠን። በክርስቶስ በጌታችን፤ አሜን።