ሙቀትና ወረርሽኝ በአንድ ጣሪያ ሥር፦ የምግብ ፋብሪካ ሠራተኞችን ከሙቀት ጉዳት መጠበቅ

ዳቦ፣ ዘይት፣ ስኳርና ፓስታ በወረርሽኝ ጊዜም ከሕዝብ ማዕድ ሊጎድሉ አይገባም። ስለሆነም ብዙ ተቋማት ሥራቸውን ቀንሰው ሠራተኞቻቸውን ከቤት ባዋሉበት ወቅት እንኳ የምግብ ፋብሪካዎች ምድጃ አልጠፋም። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ በፋብሪካዎች በር የእጅ መታጠቢያ ማዘጋጀት፣ የሰውነት ሙቀት መለካትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ የዕለት ተዕለት ተግባር ሆኖ ነበር። ይሁን እንጂ በምድጃና በእንፋሎት አጠገብ የሚሠራ ሰው ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊትም አብሮት የኖረ ሌላ አደጋ አለበት፤ እርሱም ሙቀት ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ከወረርሽኙም ሆነ ከሙቀቱ የምንጠበቅባቸው ዘዴዎች አንዱ ሌላውን ሳያፈርስ እንዴት አብረው ሊሠሩ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

ሙቀት ሰውነትን የሚጎዳው እንዴት ነው?

የጤናማ ሰው የውስጥ ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሰውነት ይህን ልክ የሚጠብቀው በተለይ በሁለት መንገድ ነው፦ ደምን ወደ ቆዳ በብዛት በመላክ ሙቀቱን ወደ አየር ያስወጣል፤ በላብ ትነትም ራሱን ያቀዘቅዛል። የአካባቢው አየር ከቆዳ የበለጠ የሞቀ እንደሆነ የመጀመሪያው መንገድ ይዘጋል። አየሩ በእንፋሎት የታፈነ ከሆነ ደግሞ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ያልተነነ ላብም አያቀዘቅዝም።

በምግብ ፋብሪካ ውስጥ ሙቀት ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል፦ ከአካባቢው የአየር ጠባይ፣ ከመሣሪያው እንዲሁም ከሠራተኛው ከራሱ ጡንቻ። በአዋሽ ሸለቆ በሚገኘው የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ሦስቱም ይገናኛሉ። አካባቢው ቆላ ነው፤ ጭማቂው የወጣለት የአገዳ ገለባ በማሞቂያው ውስጥ እየነደደ እንፋሎት ይሰጣል፤ በዚያም እንፋሎት ጭማቂው እየፈላ ይወፍራል። ነገር ግን ጉዳዩ የቆላ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ባላት አዲስ አበባም የዳቦ ምድጃ ከ200 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከደጅ ብርድ ሆኖ ሳለ፣ ከምድጃው አፍ ፊት የቆመው ጋጋሪና የዱቄት ከረጢት የሚሸከመው ሠራተኛ በላብ ይታጠባሉ።

ወረርሽኙ የጨመራቸው ችግሮች

የወረርሽኙ ጊዜ የሙቀቱን ጫና በአራት መንገድ ያከብደዋል።

አንደኛ፣ የጋራ ጣሳና ኩባያ ሲከለከል በምትኩ ሌላ ካልተዘጋጀ ሠራተኛው ሳይጠጣ ይውላል። ሁለተኛ፣ ርቀትን ለመጠበቅ በአንድ ፈረቃ የሚገቡት ሰዎች ሲቀነሱ ምርቱ ግን ካልተቀነሰ፣ በእያንዳንዱ ትከሻ ላይ የሚወድቀው ሸክም ይጨምራል። ሦስተኛ፣ በላብ የራሰ መሸፈኛ ትንፋሽን ያከብዳል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ወደ አገጩ ዝቅ ያደርገዋል።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነው። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ ለዚህም ከ7 እስከ 14 ቀናት ያስፈልጉታል። ከሙቀቱ ሲርቅ ደግሞ ይህን ልምድ ያጣል። ለ14 ቀናት ተለይቶ የቆየ ወይም ታሞ የዳነ ሠራተኛ ወደ ምድጃው ሲመለስ፣ እጁ ሥራውን አልረሳም፤ ሰውነቱ ግን ሙቀቱን ረስቷል።

ሁለቱን መከላከያዎች ማስማማት

ውኃ። በሙቀት ውስጥ የሚሠራ ሰው ጥም እስኪሰማው መጠበቅ የለበትም። በየ15 እስከ 20 ደቂቃ አንድ ኩባያ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ያህል ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ውኃ ሊጠጣ ይገባል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን ከ1 ሊትር ተኩል ማለፍ የለበትም። እያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙ የተጻፈበት የራሱ መያዣ ይኑረው፤ የሚቀዳውም ከባለቧንቧ በርሜል ወይም ጀሪካን፣ እጁን ከታጠበ በኋላ ይሁን። የጠቆረ ቢጫ ሽንት በቂ ውኃ እንዳልተጠጣ ያመለክታል። ለረጅም ሰዓት ብዙ ላብ ላጣ ሰው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በመመሪያው መሠረት በጥብጦ መስጠት ይቻላል፤ ጨውን በግምት በጥብጦ መጠጣት ግን ተገቢ አይደለም። ከሥራ በፊትና በሥራ ላይ አልኮል መጠጣት፣ እንዲሁም የልብ ምትን የሚያፈጥነውን ጫት መቃም አደጋውን ያባብሳሉ።

ዕረፍት። ማረፊያው ከምድጃው የራቀ፣ ጥላ ያለውና አየር የሚዘዋወርበት ይሁን። ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተራ ይረፉ፤ ይህም መጨናነቅንም ሙቀትንም ይቀንሳል። መሸፈኛን ለማውለቅና ውኃ ለመጠጣት ተገቢው ቦታም ይኸው ነው፤ በሰዎች መካከል 2 ሜትር ርቀት ይጠበቅ።

መሸፈኛ። የጨርቅ መሸፈኛ ለጤናማ ሰው የሚያስፈልገውን አየር አያሳጣም። የሚያስቸግረው እርጥበቱ ነው። ስለዚህ በሞቃት ክፍል የሚሠራ ሰው በአንድ ፈረቃ የሚለዋውጣቸው ከአንድ በላይ ንጹሕ መሸፈኛዎች ሊሰጡት ይገባል። የራሰውን ለብቻው በከረጢት አስቀምጦ በሳሙና ማጠብና ማድረቅ፣ ከቀየሩም በኋላ እጅን መታጠብ ያስፈልጋል።

አየር። ንጹሕ አየር ቫይረሱንም ሙቀቱንም የሚያስወጣ የጋራ መድኃኒት ነው። መስኮቶች ዝንብ የሚከለክል ወንፊት ተደርጎላቸው ይከፈቱ፤ ከምድጃና ከማፍያ በላይ ያሉ የእንፋሎት መውጫዎች ይጠረጉ፤ የእንፋሎት ቧንቧዎች ሙቀት በማያስተላልፍ ነገር ይሸፈኑ። ቬንትሌተር ከአንዱ ሠራተኛ ፊት ወደ ሌላው እንዳይነፍስ፣ ይልቁንም አየሩን ወደ ውጭ እንዲገፋ ሆኖ ይቀመጥ። የክፍሉ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ካለፈ ቬንትሌተር ብቻውን በቂ ጥበቃ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት።

ማለማመድ። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሥራ ሰዓቱ አንድ አምስተኛውን ብቻ በሞቃቱ ክፍል ይሥራ፤ በየቀኑም አንድ አምስተኛ ይጨመርለት። ሥራውን የሚያውቅና ከቆይታ በኋላ የተመለሰ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን በግማሽ ይጀምር፤ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛው 80 በመቶ ሠርቶ በአራተኛው ቀን ወደ ሙሉው ይድረስ። ከኮቪድ-19 ያገገመና ገና ድካም ያልለቀቀው ሰው ግን ከዚህ የዘገየ አመላለስ ያስፈልገዋል።

ጾም። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ብዙ ሠራተኞች ለረጅም ሰዓታት ከእህልና ከውኃ ተከልክለው ይሠራሉ። የፈረቃ ኃላፊው አስቀድሞ ተወያይቶ ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳ ወይም ከማፍጠሪያ በኋላ ቢያዛውር፣ የጿሚውን እምነት ሳይነካ ጤናውን ይጠብቃል።

በበር ላይ የሚለካው ሙቀት

በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግሩ የመጣ ሠራተኛ ግንባሩ ሲለካ ከፍ ያለ ሙቀት ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ሲሆን በጥላ ሥር፣ ከሌሎች ተለይቶ 15 ደቂቃ ያህል ዐርፎ እንደገና ይለካ። ሙቀቱ ካልወረደ፣ ወይም ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የማሽተት ወይም የመቅመስ ስሜት ማጣት ካለ፣ ይህ የፀሐይ ውጤት ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ሠራተኛው ተለይቶ ይቆይ፤ ወደ 8335 ነጻ የስልክ መስመርም ይደወል። በአንጻሩ በበር ላይ ጤናማ ሆኖ የገባ ሰው በምድጃው አጠገብ ቆይቶ ቢተኩስ፣ ወዲያው የወረርሽኙ ታማሚ ነው ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ሊሆን ይችላል። የሚከተለው ምሳሌ ይህን ያስረዳል።

ሠራተኛ ሲወድቅ

በአንድ ዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ አንድ ጋጋሪ ከምድጃው ፊት ይንገዳገዳል እንበል። ንግግሩ ይደናበራል፤ ገላው እንደ እሳት ይፋጃል፤ ከዚያም ይወድቃል። ባልደረቦቹ ትኩሳቱን አይተው «ኮሮና ይዞታል» በማለት ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ የሚቀርበውም ሰው ይጠፋል። ይህ ሰው በሙቀት ምት የተጠቃ ከሆነ የውስጥ ሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ይሆናል፤ አንጎሉንና ሌሎች የውስጥ አካላቱን ለማዳን ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ባልደረቦቹ ቆመው የሚያጠፉት እያንዳንዱ ደቂቃ ከእርሱ ሕይወት ላይ የሚቀነስ ነው።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ምርመራውን ከዚያ በኋላ ማድረግ። ረዳቶቹ መሸፈኛቸውን በአግባቡ አድርገው፣ ጓንት ካለም አጥልቀው ወዲያው ይቅረቡ። አንዱ አምቡላንስ ይጥራ። ሌሎቹ ታማሚውን ወደ ቀዝቃዛና ነፋሻ ስፍራ ያውጡት፤ መሸፈኛውንና የላይ ልብሱን ያውልቁለት፤ በመላ ገላው ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ በካርቶን ወይም በቬንትሌተር ያናፍሱለት። በረዶ ወይም ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ከተገኘ በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ ይደረግ። ራሱን ላልተቆጣጠረ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ፤ የትኩሳት ማስታገሻ ክኒንም ለዚህ ዓይነቱ ሙቀት አያገለግልም። ዕርዳታ እስኪደርስ ማቀዝቀዙ አይቋረጥ፤ ሲያበቃም ረዳቶቹ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ነገሩ እዚህ ደረጃ ከመድረሱ በፊት ግን ሰውነት ያስጠነቅቃል። የጡንቻ መኮማተር፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብና ብርቱ ድካም የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ የታዩበት ሰው ሥራውን አቁሞ በቀዝቃዛ ቦታ ይረፍ፤ ውኃም ይጠጣ፤ ለብቻውም አይተው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የታመመው ሰው ራሱ መታመሙን ላያስተውል ስለሚችል፣ ሠራተኞች ሁለት ሁለት ሆነው ቢጠባበቁ መልካም ነው።

የማን ኃላፊነት ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኞችን ደህንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ሠራተኛውም መመሪያዎችን ማክበርና አደጋ ሲያይ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ውኃ፣ ዕረፍትና መለዋወጫ መሸፈኛ እንግዲህ ከችሮታ የሚቆጠሩ አይደሉም። ደሞዙ ይቆረጥብኛል ብሎ የሚፈራ ሠራተኛ ማዞሩንም ሳሉንም ይደብቃል፤ የተደበቀ ሕመም ደግሞ ሙቀትም ሆነ ቫይረስ ለፋብሪካው ሁሉ አደጋ ነው። አሞኛል ላለ ሠራተኛ ያለ ቅጣት ማረፍ ሲፈቀድለት ሁለቱም መከላከያዎች በአንድነት ይጸናሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ቦታ ሠራተኛው ጣሳ ሳይጋራ ውኃ የሚያገኘው እንዴት ነው?
2. ለ14 ቀናት ተለይቶ የቆየ ጋጋሪ በተመለሰበት ዕለት ሙሉውን ፈረቃ ከምድጃው ፊት እንዲቆም ቢታዘዝ ምን ሊደርስበት ይችላል?
3. ባልደረባችሁ እየተኮሰ ቢወድቅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማን ምን እንደሚያደርግ ከወዲሁ ተከፋፍላችኋልን?