ስለ ርእሳነ መምህራንና ጦርነት ስላቈሰላቸው ተማሪዎች

ቍስል ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በሥጋ ላይ የሚታይ፣ ሁለተኛው በኅሊና ውስጥ የሚሰወር ነው። ለሚታየው ሁሉም ያዝንለታል፤ የተሰወረውን ግን ብዙ ጊዜ ጥፋት ነው እያልን እንቀጣዋለን። ስለዚህ ትምህርት ቤትን የሚመሩ ሁሉ ይህን ሁለተኛውን ቍስል ለይተው ያውቁት ዘንድ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሥቶ፣ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የፕሪቶርያው ስምምነት እስከ ተፈረመበት ጊዜ ድረስ፣ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ ሌሎቹም የወታደር ሰፈርና የተፈናቃይ መጠለያ ሆነዋል። ግድግዳውን በድንጋይና በቆርቆሮ ማደስ ይቻላል፤ ወደ ክፍሉ የሚመለሰው ልጅ ግን ሌላ ጥገና ያስፈልገዋል።

ድንጋጤ ያደረበት ልጅ፣ አደጋው ቢያልፍም እንኳ፣ ሰውነቱ ገና አደጋን ይጠብቃል። እንቅልፉ ይጐድላል፤ በር በኃይል ሲዘጋ ይበረግጋል። አንዱ በትንሽ ነገር ይቈጣል፤ ሌላው ዝም ብሎ ይቀመጣል። አደጋን የሚጠብቅ አእምሮ ለትምህርት የሚተርፍ ኃይል ያንሰዋልና፣ ትናንት ያጠናውን ዛሬ ይረሳዋል። ይህን የማያውቅ መምህር የመጀመሪያውን ባለጌ፣ ሁለተኛውን ሰነፍ ይለዋል።

እንግዲህ ርእሰ መምህሩ ምን ያድርግ ቢሉ፣ አስቀድሞ ጥያቄውን ይለውጥ። «ይህ ልጅ ምን አጠፋ?» ከማለቱ በፊት «ይህን ልጅ ምን አገኘው?» ይበል። ሁለተኛም ደወሉ በሰዓቱ ይደወል፣ ለውጥ ሲኖርም አስቀድሞ ይነገር፤ የሚመጣውን ማወቅ የፈራን ልጅ ያረጋጋልና። አርጩሜውም ከግቢው ይውጣ፤ ድብደባ በፍርሃት ላይ ፍርሃት መጨመር ነው። ሦስተኛም ልጁ ያየውን እንዲናገር ማንም አያስገድደው፤ ሊናገር ሲወድ ግን ሳያቋርጡ ያዳምጡት። የዓለም ጤና ድርጅትና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት የመጀመሪያ ሥነ ልቡናዊ ርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይጠቀልለዋል፤ መመልከት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። መምህር ሐኪም አይደለምና፣ ራሱን ለመጕዳት የሚያስብ ልጅ ቢገኝ ሳይዘገይ ከሐኪም ጋር ማገናኘት ይገባዋል።

መምህራኑንም አንርሳ። ከእነርሱ መካከል ቤታቸው የተቃጠለ፣ ዘመድ የሞተባቸው፣ ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ የቈዩ አሉ። ራሱ የሚያዳምጠው ያጣ ሰው ሌላውን ለማዳመጥ ይቸግረዋልና፣ ርእሰ መምህሩ ለእነርሱም ጊዜ ይስጥ።

«ርኅራኄ ሥርዓትን ያፈርሳል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ጥፋት አይታረም አላልንም። መስኮት የሰበረ ልጅ ሲጠገን አብሮ ይሥራ፤ ዳሩ ግን በሰልፍ ፊት አይዋረድ።

ከሁሉም በላይ ይህ ሥራ በአንድ ደግ መምህር ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ሊቀር አይገባም። ያ መምህር ወደ ሌላ ስፍራ በተዛወረ ጊዜ ልጁ ዳግመኛ ብቻውን ይቀራልና። ደግነቱን የቤቱ ሁሉ ሥርዓት ማድረግ የርእሰ መምህሩ ድርሻ ነው።