ድሮን በራሱ ወደ መነሻው ሲመለስ ከፍታው ሳይጠበቅ ቢለወጥ፦ ምክንያቱን የመለየትና የማረም ዘዴ

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ማሳን ከአየር ለመቃኘት በድሮን ለሚገለገሉ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ድሮን ስንል ሰው የማይሳፈርበትን፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ፕሮፔለሮች ያሉትንና በሬዲዮ መቆጣጠሪያ የሚመራውን አነስተኛ በራሪ መሣሪያ ማለታችን ነው።

ድሮን ከመቆጣጠሪያው ጋር ያለው የሬዲዮ ግንኙነት ሲቋረጥ፣ ባትሪው ሲደክም ወይም አብራሪው የመመለሻውን ቁልፍ ሲጫን በራሱ ወደ ተነሣበት ቦታ ይመለሳል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በመልስ ጉዞው ላይ ድሮኑ ማንም ሳያዘው ሽቅብ ሲወጣ ወይም ቁልቁል ሲወርድ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ከሥሩ አረም የሚያርሙ ሰዎች ይኖራሉ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይኖራል፤ መሣሪያውም አባላት ገንዘብ አዋጥተው የገዙት ንብረት ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘውን የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። በዚህ አካባቢ የወንዝ ዳር የአትክልት ማሳ፣ ሸለቆ፣ ባሕር ዛፍ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃና ከፍተኛ ኃይል ያለው ሽቦ በአጭር ርቀት ውስጥ ተቀራርበው ይገኛሉ። በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የፉሪ ተራራ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። እንዲህ ባለ ቦታ በትክክል ማብረር የቻለ በሌላውም ደጋ አይቸገርም። የነፋስ ስልክ ስም ራሱ ያለ ሽቦ በነፋስ ላይ ከሚሄደው ስልክ የመጣ መሆኑ ለርእሳችን ይስማማል፤ የድሮኑም ችግር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያ የነፋስ መልእክት ሲቋረጥ ነውና።

1. በመካኒሳ የገጠመን

በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር፣ በመካኒሳ አካባቢ፣ በአንድ የአትክልት አምራቾች ማኅበር ማሳ ላይ ስንሠራ ድሮኑን ያስነሣነው ከታች ከወንዙ ዳር ነበር። ከመነሻው 60 ሜትር ከፍ አድርገን ጉብታውን አሻገርነው። ከጉብታው ማዶ ያለውን የጥቅል ጎመን ማሳ ከቅርብ ለማየት ዝቅ ስናደርገው የሬዲዮው ግንኙነት ተቋረጠ። ድሮኑ ወዲያው የመልስ ጉዞውን ጀመረ። በጉብታው ላይ ቆስጣ የሚያርሙ ሴቶች ነበሩ፤ ድሮኑ በላያቸው ያለፈው እጅግ ዝቅ ብሎ ስለ ነበር ሁሉም መሬት ላይ ተደፉ። የተጎዳ ሰው አልነበረም።

እኛም «የከፍታ መለኪያው ተበላሽቷል» ብለን መሣሪያውን ለጥገና ልንልከው ተነሣን። አንድ አዛውንት የማኅበሩ አባል ግን «ልጆቼ፣ አሁን የቆምንበት እኮ ከወንዙ ዳር ብዙ ሽቅብ ነው፤ እናንተ ያስነሣችሁት ከታች አይደለም ወይ?» አሉን። የበረራውን መዝገብ አውጥተን ብናይ ድሮኑ ከጉብታው ማዶ ወደ 30 ሜትር ወጥቶ፣ ያንኑ ከፍታ ሳያዛንፍ ይዞ ተመልሷል። ጉብታው ከመነሻው በ22 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ከሴቶቹ ራስ በላይ የቀረው 8 ሜትር ብቻ ነበር። መሣሪያው የፈጸመው እኛ የሰጠነውን ትእዛዝ ነው።

ከዚህ የምናገኘው ዋና ትምህርት የሚከተለው ነው። የመመለሻ ከፍታ የሚለካው ከተነሣበት መሬት ነው እንጂ ድሮኑ በየጊዜው ከሚያልፍበት መሬት አይደለም። በመሆኑም መለኪያውን ከመጠርጠር በፊት ሁለት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ ከየት ተነሣ? የተመዘገበለትስ የመመለሻ ከፍታ ስንት ነው?

2. ድሮኑ በመልስ ጉዞው የሚፈጽማቸው ተግባሮች

አሠራሩ በየፋብሪካው ቢለያይም ብዙዎቹ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይይዛሉ።

ሀ) ድሮኑ ከተመዘገበው የመመለሻ ከፍታ በታች ከሆነ በመጀመሪያ ሽቅብ ወጥቶ ከፍታውን ይይዛል። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ከፍታ ይመለሳል።

ለ) ለመነሻው በጣም ቅርብ ከሆነ ግን ብዙዎቹ እስከዚያ ከፍታ አይወጡም፤ በጥቂቱ ከፍ ብለው ወይም ባሉበት ሆነው ይመለሳሉ። አንዳንዶቹም ወዲያው ያርፋሉ።

ሐ) ከመነሻው በላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይወርድና ያርፋል።

ማንም ካልለወጠው በስተቀር ፋብሪካው ወይም ፕሮግራሙ የመዘገበው ከፍታ ይሠራል። ለምሳሌ አርዱፓይለት በሚባለው ፕሮግራም ለባለ ብዙ ፕሮፔለር ድሮን የተመዘገበው 15 ሜትር፣ ፒኤክስ 4 በሚባለው ደግሞ 60 ሜትር ነው። 15 ሜትር ከአንድ የጎለመሰ ባሕር ዛፍ ያንሳል። ስለዚህ በፋብሪካው ቁጥር ተማምኖ ማብረር አይገባም።

3. ለውጡ በታየበት ጊዜ ምክንያቱን መለየት

ከፍታው የተለወጠው በየትኛው የጉዞ ክፍል እንደ ሆነ መጠየቅ ምክንያቱን ለማግኘት ይረዳል።

ሀ) በጉዞው መጀመሪያ። ድሮኑ በድንገት ሽቅብ ቢወጣ ብልሽት አይደለም፤ የተመዘገበለትን ከፍታ ለመያዝ ነው። አብራሪው በዛፍ ጥላ ወይም በሽቦ ሥር ሆኖ የመመለሻውን ቁልፍ ከተጫነ ግን ድሮኑ ወጥቶ ከቅርንጫፍ ወይም ከሽቦ ጋር ይጋጫል።

ለ) በጉዞው መካከል ድንገት ሽቅብ ሲል። እንቅፋት የሚያዩ ሴንሰሮች ያሉት ድሮን ዛፍ ወይም ሕንፃ ሲያይ ከፍ ብሎ ለማለፍ ይሞክራል። እነዚህ ሴንሰሮች ቀጭን ሽቦን አጥርተው እንደማያዩ፣ በምሽትና ፊት ለፊት ፀሐይ ሲመታቸውም እንደሚሳሳቱ መታወቅ አለበት።

ሐ) በጉዞው መካከል ቀስ በቀስ ዝቅ ሲል። ሦስት ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላሉ። አንደኛ፣ እንደ መካኒሳው ሁኔታ ድሮኑ ሳይሆን መሬቱ ከፍ ብሎ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ድሮኑ በፍጥነት ሲሄድ በሰውነቱ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው ከፍ ያለ መስሎት ይወርዳል፤ ይህ ከሆነ ድሮኑ ሲቆም ወደ ቀድሞው ከፍታ ይመለሳል። ሦስተኛ፣ ባትሪው ደክሞ ወይም ከኮረብታ ጀርባ ቁልቁል የሚነፍስ ነፋስ ተጭኖት አቅም አንሶት ይሆናል።

መ) በመነሻው ላይ ሲያርፍ። ከሆዱ ሥር ያለው ሴንሰር በወንዝ ውኃ፣ በፕላስቲክ ቤት ጣሪያ ወይም በነፋስ በሚወዛወዝ ረጅም ሰብል ላይ ሊሳሳት ይችላል። ድሮኑ አልወርድም ብሎ በአየር ላይ ይቆማል፤ ወይም ሳይደርስ የደረሰ መስሎት ይወድቃል። ስለዚህ ማረፊያው ደረቅ፣ ደልዳላና ገላጣ መሬት ይሁን።

በመዝገቡ ላይ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ይታዩ፦ በአየር ግፊት የተለካው ከፍታ፣ በሳተላይት የተለካው ከፍታና የሞተሮቹ ጉልበት። ሁለቱም ከፍታዎች ካልተለወጡ ችግሩ ያለው በመሬቱ አቀማመጥና በተመዘገበው ቁጥር ላይ ነው። በግፊት የተለካው ሳይለወጥ የሳተላይቱ ብቻ በብዙ ሜትር ከወረደ የግፊት መለኪያው ይመርመር። ሁለቱም ከወረዱና ሞተሮቹ በሙሉ ጉልበት ሲሠሩ ከነበረ ምክንያቱ የአቅም ማነስ ነው፤ ባትሪው፣ ፕሮፔለሩና ጭነቱ ይፈተሹ። የሳተላይት ከፍታ ምንጊዜም በጥቂት ሜትሮች ስለሚዋዥቅ ትንሽ ልዩነት ስለታየ ብቻ መለኪያው አይኮነን።

4. የአየር ግፊት በደጋ አገር

ድሮን ከፍታውን በዋናነት የሚያውቀው በባሮሜትር ማለት በአየር ግፊት መለኪያ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 770 ሄክቶፓስካል ያህል ሲሆን በባሕር ጠረፍ 1,013 ነው። በባሕር ጠረፍ 1 ሄክቶፓስካል ሲለወጥ ከ8 ሜትር ተኩል ጋር የሚስተካከል ሲሆን፣ በእኛ ደጋ ግን 11 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም ማለት ያው የግፊት ለውጥ በእኛ ዘንድ የሚያስከትለው የከፍታ ስሕተት የበለጠ ነው።

ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች የአየሩ ግፊት በየቀኑ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍተኛ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ዝቅተኛ ይሆናል። ግፊቱ ሲወርድ ድሮኑ ከፍ ያለ ስለሚመስለው ዝቅ ይላል። በ20 ደቂቃ በረራ ውስጥ ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን በክረምት ከነጎድጓድ ዝናብ በፊት ቀዝቃዛ ነፋስ ሲነሣ ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። ደመና ከፉሪ በኩል ሲጠቁር ማብረር ይቁም።

ከዚህም ሌላ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በበለጠ ፍጥነት መዞር ስላለበት ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ፋብሪካው በመመሪያው የጻፈው የበረራ ጊዜ በእኛ አገር ደጋ ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

5. ከመነሣት በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

1) በመነሻውና በማሳው መካከል ያለውን ከፍተኛ መሬት በእግር ሄዶ ማየት ወይም በካርታ መለካት።

2) በዚያ መሬት ላይ ያለውን ረጅሙን ዛፍ፣ ምሰሶ ወይም ሕንፃ መገመት።

3) ሁለቱን ደምሮ 20 ሜትር ትርፍ መጨመር። በመካኒሳው ምሳሌ ጉብታው 22 ሜትር፣ ባሕር ዛፉ 20 ሜትር፣ ትርፉ 20 ሜትር፣ ድምሩ 62 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 65 ሜትር መመዝገብ ነበረብን።

4) የተገኘው ቁጥር በበረራ ፈቃዱ ከተወሰነው ከፍታ የሚበልጥ ከሆነ ከፍታውን ከማሳደግ ይልቅ መነሻውን ወደ ከፍተኛው መሬት ማዛወር።

5) ባትሪ በተለወጠና ድሮኑ ከሌላ ቦታ በተነሣ ቁጥር ስሌቱን እንደገና መሥራት። አንዳንድ ድሮኖች የመነሻውን ነጥብ አብራሪው ወደ ቆመበት ቢያዛውሩም ከፍታውን የሚቆጥሩት መጀመሪያ ከተነሡበት መሬት ነው።

6) ድሮኑን በጥላ ሥር ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት፤ የጋለ መለኪያ ይሳሳታል። በቂ ሳተላይት ሳይዝ፣ መነሻውንም ሳይመዘግብ አለማስነሣት።

7) ባትሪው በነፋስ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ለመመለስ የሚበቃ ኃይል ሳለው ማስመለስ።

በለቡ በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። የመመለሻው መስመር ይህን በመሰለ ሽቦ ላይ እንዳያልፍ መነሻው ከማሳው ጋር በሽቦው በአንድ ወገን ይሁን።

6. በበረራ ላይ ችግሩ ቢከሰት

ድሮኑ ሳይታዘዝ ቢወርድ በመጀመሪያ በሥሩ ያሉ ሰዎች እንዲሸሹ ጮክ ብሎ ማስጠንቀቅ ይገባል። ቀጥሎ ግንኙነት ካለ የከፍታውን ዘንግ ወደ ላይ መግፋት፤ ብዙዎቹ ድሮኖች በመልስ ጉዞ ላይም ይህን ትእዛዝ ይቀበላሉ። ካልተቀበለ መልሱን ሰርዞ በእጅ ማብረር። ግንኙነት ከሌለ አንቴናውን ወደ ድሮኑ አዙሮ ገላጣና ከፍ ወዳለ ቦታ መሄድ። በማናቸውም ሁኔታ በአየር ላይ ሳለ ሞተሩን ማጥፋት ከሰው በላይ መጣል ማለት ስለ ሆነ አይፈቀድም።

ማሳሰቢያ

ማንኛውም በረራ ከመደረጉ በፊት ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር አስፈላጊው ፈቃድ መኖሩ ይረጋገጥ። ክፍለ ከተማው ለቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ መሆኑም አይዘንጋ።

ማኅበራት ለድሮናቸው አንድ ደብተር ያዘጋጁ። በየበረራው የተነሣበት ቦታ፣ የተመዘገበው የመመለሻ ከፍታ፣ በመንገዱ ያለው ከፍተኛ መሬት፣ ሰዓቱና የአየሩ ሁኔታ ይጻፍበት። እኛ ይህን ደብተር የጀመርነው ከመካኒሳው ቀን በኋላ ነው። አስቀድመን ጽፈነው ቢሆን ኖሮ 22 እና 30 ጎን ለጎን ሲታዩ ስሕተቱ ሴቶቹ መሬት ላይ ሳይደፉ በፊት በወረቀት ላይ በታወቀ ነበር።