መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ከዚያ ሣጥኑ፦ ለድርጅት መኪኖች የጂፒኤስ ክትትል ደንብ አወጣጥ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ቢሮ አላችሁ እንበል። ከምድር ባቡሩ ብዙ ሳይርቅ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር አንድ ሃይሉክስ፣ ሁለት አይሱዙና አንድ ሚኒባስ ይቆማሉ። አንዱ መልካ ጀብዱ ይመላለሳል። አንዱ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ይገባል። አንዱ በሽንሌ አድርጎ ደወሌ ይወርዳል። ጂፒኤስ ልታስገጥሙ ወስናችኋል፤ ጥሩ። ግን ባለሙያው ዳሽ ቦርዱን ከመፍታቱ በፊት ሁለት ገጽ ደንብ ይኑራችሁ። ሣጥኑ በግማሽ ቀን ይገጠማል፣ ደንቡ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ሣጥኑን በድብቅ ብታስገጥሙት ሾፌሩ አንድ ቀን ፊውዝ ሲቀይር ያገኘዋል፤ ከዚያ ወዲያ የምትጽፉት ደንብ ሁሉ ማስተባበያ ይመስላል።

እነዚህን ጠረጴዛ ላይ አውጡ፦ የመኪኖቹን ሊብሬ ቅጂ፣ የሾፌሮቹን የሥራ ውል፣ የድርጅቱን የሥራ ደንብ፣ ኅብረት ስምምነት ካለ እሱንም፣ ያለፈውን ወር የጉዞ ፈቃድና የናፍጣ ደረሰኝ፣ የጂፒኤስ ሣጥኑን መመሪያ። ሁለት አዋጆችም ይቅረቡ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ የመጀመሪያውን በሲቪል ሰርቪስ ሕጉ ተኩት።

1. ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

"መኪኖቹን የምንከታተለው ስምሪት ለመምራት፣ ስርቆትን ለመከላከል፣ ፍጥነትንና የነዳጅ ፍጆታን ለመቆጣጠር ነው" በሉ። እዚያው አቁሙ። "እና ለሌሎች ተያያዥ ጉዳዮች" የሚል ሐረግ ከገባባችሁ ሰርዙት። አዋጅ 1321 የሰው መረጃ ተለይቶ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። ያ ሐረግ ግን የለያችሁትን መልሶ ይደባልቀዋል።

2. መኪኖቹን መዝግቡ።

ሰሌዳ፣ ዓይነት፣ የባትሪ ቮልት፣ የሚያድርበት ቦታ፣ ቋሚ ሾፌር። ቮልቱን አትዝለሉ፤ ሃይሉክስ 12 ነው፣ አብዛኛው የጭነት አይሱዙ ግን 24 ነው። ሣጥኑ ላይ ከታተመው ቁጥር ጋር አመሳክሩት። የሠራተኛው የግል መኪና ወይም ሞተር ሳይክል ለሥራ ቢወጣም እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይግባ። ነዳጁን ስለከፈላችሁለት ሣጥን የመግጠም መብት አላገኛችሁም።

3. የሚመዘገበውንና የማይመዘገበውን ለይታችሁ ጻፉ።

የሚመዘገበው ይህ ነው፦ መኪናው ያለበት ቦታ፣ ፍጥነቱ፣ ሞተሩ የተነሳበትና የጠፋበት ሰዓት፣ ሞተር ሳይጠፋ የቆመበት ደቂቃ። ከሥሩ ደግሞ "በጋቢና ውስጥ ድምፅ አይቀዳም" ብላችሁ አክሉ። አንዳንዱ ሣጥን ማይክሮፎን አለው። ሻጩን ጠይቁ፤ ካለው አስነቅሉት። በሾፌሩ ስልክ ላይ መከታተያ መተግበሪያ አትጫኑ። መኪናው ግቢ ያድራል፣ ስልኩ ግን ከባለቤቱ ጋር መኝታ ቤት ይገባል።

4. ክትትሉ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት ወስኑ።

ብዙ ደንብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አዋጅ 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድባል። የናንተን የመግቢያና የመውጫ ሰዓት በቁጥር አስፍሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የስምሪት ኃላፊው ካርታውን ያያል። ከዚያ ውጭ አያይም።

መኪናው ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ከሾፌሩ ደጅ የሚያድር ከሆነ እንዲህ ጻፉ፦ "ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲስተሙ የሚያስጠነቅቀው መኪናው ካደረበት ቦታ ያለ ፈቃድ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።" ሌባን ለመያዝ ይህ ይበቃል። ሾፌሩ እሑድ ማንን እንደጠየቀ ለማወቅ ግን አያስችልም፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው።

አሁን የቁልቢን ንግሥ አስቡ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ የድርጅት መኪና የማይለምን ሠራተኛ ጥቂት ነው። "እናያለን" አትበሉ። የግል ጉዞ ፈቃድ ቅጽ አዘጋጁ። የሚሄድበት ቦታ፣ የመመለሻ ሰዓት፣ ናፍጣውን የሚችለው ማን እንደሆነ ይሞላበት። በፈቃዱ ጊዜ አደጋ ወይም ስርቆት ካልደረሰ በስተቀር ካርታው እንደማይከፈት እዚያው ቅጹ ላይ አትሙ።

5. የሲስተሙን ሰዓት አስተካክሉ።

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሰው ያስከስሳል። ሪፖርቱ 02:00 ይላል እንበል። አንዱ "ጠዋት 2 ሰዓት ነው" ብሎ ያልፈዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሲስተሙ በግሪንዊች ሰዓት ተትቶ ከሆነ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይጨመራል፤ እውነተኛው ሰዓት ከንጋቱ 11 ይሆናል። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ንባብ። ሁለተኛው ንባብ ማለዳ ለሥራ የተነሳውን ሾፌር ሌሊት ሲዞር ያደረ ያስመስለዋል።

ማስተካከያውን ክፈቱ። የሰዓት ክልሉን ግሪንዊች ሲደመር 3 ላይ አድርጉ። አንድ መኪና አስነሱ። ሰዓታችሁን ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። ከዚያ በደንቡ ላይ ሰዓትን ሁሉ "ጠዋት"፣ "ማታ"፣ "ሌሊት" እያላችሁ ጻፉ። ቀኑንም እንደዚሁ። ሲስተሙ ዲሴምበር 28 ሲል ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 19 ማለቱ ነው፤ የቁልቢው ጉዞ ያለ ፈቃድ ተብሎ እንዳይመዘገብ የጉዞ ፈቃዱ ላይ ሁለቱንም ቀን አስፍሩ።

6. ክልሎቹን በካርታው ላይ አስምሩ።

ግቢያችሁን፣ ጋራዡን፣ ማደያውን፣ የደንበኞቻችሁን መጋዘን። ክቡን ጠባብ አታድርጉት። የከዚራ ዛፎችና ሕንፃዎች ምልክቱን ስለሚያስቱት መኪናው ከቆመበት ሳይነቃነቅ በካርታው ላይ ማዶ ያለው መንገድ ላይ ሊታይ ይችላል። ከመቶ ሜትር በታች አትውረዱ። መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪም ቤት ላይ ግን ምንም ክብ አታስምሩ። ሾፌሩ የት እንደሚሰግድና የት እንደሚታከም የስምሪት ጉዳይ አይደለም፤ እምነትና ጤናን የሚገልጥ መረጃም በአዋጁ የበለጠ ጥበቃ ያለው ነው።

7. የፍጥነትና የቆይታ ማስጠንቀቂያውን በየመንገዱ ለዩ።

ለሁሉም አንድ ቁጥር አትስጡ። ለሽንሌ ሜዳ የሚሆን ፍጥነት ደንገጎ ላይ ገደል ይከታል። ለከተማ፣ ለቁልቁለት፣ ለሜዳ ሦስት ወሰን አውጡ፤ መንገዱ ዳር ከተተከለው ምልክት አትለፉ። መኪናው የፍጥነት መገደቢያ ካለው እሱን ከጂፒኤሱ ጋር አታምታቱት። መገደቢያው ሞተሩን ይይዛል፤ ጂፒኤሱ መዝግቦ ይናገራል።

ሞተር ሳይጠፋ ለመቆም የምትፈቅዱትን ደቂቃ ስትወስኑ ቀትሩን አስታውሱ። በግንቦት ሙቀት ጭነት የሚጠብቅ ሾፌር ኤሲውን አጥፍቶ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ ብሎ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን ራሱ ይሞክረው። በጠዋት 10 ደቂቃ ከፈቀዳችሁ ለቀትር ጨምሩ።

8. ማን እንደሚያይ በሥራ መደብ ጥቀሱ።

የስምሪት ኃላፊው አንድ፣ ተተኪው ሁለት። በቃ። ለእያንዳንዱ የራሱን የይለፍ ቃል ስጡ። ካርታውን እንግዳ መቀበያ ቴሌቪዥን ላይ አትክፈቱ። የስክሪን ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ መላክን በስም ጠቅሳችሁ ከልክሉ። ሾፌሩም የራሱን ጉዞ መዝገብ ጠይቆ የማየት፣ ስህተት ካለው የማሳረም መብት እንዳለው ጻፉ፤ መልሱን በስንት ቀን እንደምትሰጡም አክሉ።

9. ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የሚደረገውን በተራ አስቀምጡ።

መጀመሪያ ደውሉ። ሾፌሩ እየነዳ ከሆነ ቆሞ እንዲመልስ ጠብቁ። ቀጥሎ የጉዞ ፈቃዱን ተመልከቱ። ማስጠንቀቂያውና ፈቃዱ አሁንም ካልተገናኙ በጽሑፍ ጠይቁና ሁለት የሥራ ቀን ስጡት። ከዚያ በፊት "ሣጥኑን ነቅሏል" አትበሉ። ሣጥን በብዙ ምክንያት ዝም ይላል። መኪናው ደወሌን አልፎ ጂቡቲ ሲገባ የውጭ ኔትወርክ ያልተከፈተለት ሲም ካርድ ይቋረጣል፤ ብዙዎቹ ሣጥኖች የመዘገቡትን ይዘው ቆይተው ሲመለሱ ይልኩታል። ጋራዥ ውስጥ ባትሪ ተፈትቶም ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን በደንቡ ውስጥ አስገቡ፤ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ቅጣቱን ከሣጥኑ አታምጡት፣ ከሥራ ደንባችሁ ወይም ከኅብረት ስምምነታችሁ አምጡት። ከደመወዝ የምትቆርጡ ከሆነ የአዋጅ 1156ን አንቀጽ 59 አንብቡ፦ ቆረጣው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት መደገፍ አለበት፤ በአንድ ጊዜም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ጥፋት ከሆነም አትዘግዩ። ጥፋቱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብታችሁ ይቀራል።

ናፍጣን በተመለከተ፣ የጂፒኤሱ ኪሎ ሜትርና የመኪናው ቆጣሪ እኩል አይመጡም። አንድ ጊዜ ሐረር ደርሳችሁ ተመለሱና ልዩነቱን መዝግቡ። ሾፌር ከመጠየቃችሁ በፊት ያንን ልዩነት ቀንሱ።

10. ሞተር ማጥፊያውን እሰሩት።

ሣጥኑ ሞተር ከርቀት የሚያጠፋ ሪሌ ካለው ደንቡ ላይ ይህን በደማቅ ቀለም ጻፉ፦ "ሞተር ከርቀት የሚጠፋው መኪናው ስለ መሰረቁ ለፖሊስ ከተነገረና ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ብቻ ነው።" በደንገጎ ቁልቁለት ሞተር የጠፋበት መኪና መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ይደክማል። ትእዛዙን የሚሰጡ ሁለት ሰዎች ይሁኑ። አንዱ ብቻውን አይችል። ከተቻላችሁ ሪሌውን ጭራሽ አታስገጥሙት፤ እኔ ብሆን አላስገጥምም።

11. መዝገቡ የሚጠፋበትን ቀን ቁረጡ።

ሦስት ወር ለአብዛኛው ድርጅት ይበቃል። አደጋ ወይም ክርክር ያለበትን ጉዞ ለይታችሁ ጉዳዩ እስኪያልቅ አቆዩ። ሲስተሙ ራሱ እንዲያጠፋ አድርጉ፤ ለሰው ከተተወ ይረሳል።

12. ሾፌሮቹን ሰብስቡና አንብቡላቸው።

አስፈርማችሁ ብቻ አትሸኙ። ጠዋት፣ ስምሪት ሳይወጣ፣ አንድ ሰዓት መድቡ። በአማርኛ አንብቡ፤ ኦሮሚኛና ሶማሊኛ የሚቀናቸው ካሉ ከመካከላቸው አንዱ ያስረዳላቸው። ሠራተኛ ማኅበር ካለ ተወካዩን ጥሩ። ጥያቄዎቹን ጻፉ። ከመንገዱ የተማሩ ሰዎች ናቸውና አንድ ሁለት ነገር ያርሟችኋል፤ አርሙ። ከዚያ ሁለት ቅጂ አስፈርሙ፦ አንዱ ለሾፌሩ፣ አንዱ ለማኅደሩ።

13. አሁን አስገጥሙ።

ባለሙያው የባትሪውን አሉታዊ ገመድ አስቀድሞ ይፍታ። የሣጥኑ የኃይል ገመድ በፊውዝ በኩል ይለፍ። ሣጥኑን ዳሽ ቦርዱ ላይ ፀሐይ አይምታው፤ በድሬ ሙቀት ውስጡ ያለው ትንሽ ባትሪ ያብጣል። ከዳሽ ቦርዱ ሥር፣ ከኤሲው ቱቦ ውሃ ራቅ አድርጎ ይሰረው። ሲም ካርዱን በድርጅቱ ስም አውጡ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ኢትዮጵያ ውስጥ ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ስለሆነ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ምርጫ አላችሁ፤ ሁለቱንም በየመንገዶቻችሁ ፈትሹና የተሻለውን ያዙ። በመጨረሻ "ይህ መኪና ጂፒኤስ አለው" የሚል ተለጣፊ ሾፌሩ በሚያየው ቦታ አድርጉ።

14. በአንድ መኪና ጀምሩ።

ሁለት ሳምንት ሃይሉክሱን ብቻ ተከታተሉ። የመጡትን ማስጠንቀቂያዎች ቁጠሩ። ማንም ምንም ያላደረገበትን ማስጠንቀቂያ ዝጉት። ክቡን አስፉ፣ ደቂቃውን አርሙ፣ ከዚያ አይሱዙዎቹንና ሚኒባሱን ጨምሩ። የደንቡን አንድ ቅጂ ቁልፍ ከሚሰቀልበት ሰሌዳ አጠገብ ለጥፉ። ደንቡ ዳግም የሚታይበትን ቀን፣ ከዛሬ ሦስት ወር በኋላ ያለውን፣ ከግርጌው በእስክሪብቶ ጻፉበት።