የጠፋው ዘፈን እና የመተዋወቅ አዳብ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ በሕዝብና በነገድ የለያየን እንድንተዋወቅ መሆኑን ነግሮናል። ታዲያ የማናውቀውን ሰው እንዴት ነው የምንቀርበው? መልሱን ከካምፓሳችን ብዙም ሳንርቅ ጣና ዳር እንፈልገው።

በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው፤ በደንገል ታንኳ ሥራና በዓሣ ማጥመድ ይታወቃሉ። ቀድሞ ጉማሬም ያድኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 አካባቢ ተጓዡ ጀምስ ብሩስ ቋንቋቸውን ለማጥናት ፈልጎ ሁለት ወይጦዎችን በንጉሡ ትእዛዝ አስጠራ። ሰዎቹ ትሰቀላላችሁ ተብለው ቢዛትባቸውም መልስ አልሰጡም።

እ.ኤ.አ. በ1928 ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርሴል ግሪዮል ሲመጣ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ነበር። አንድ ወይጦ ብቻ በጠፋው ቋንቋ ዘፈነ። ዘፋኙ ራሱ ከጥቂት የጉማሬ አካል ስሞች በቀር ትርጉሙን አያውቅም። ዘፈኑም ሳይመዘገብ ቀረ። የቋንቋ ምሁሩ ማርሴል ኮኸን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ጥናት፣ በአማርኛቸው ውስጥ ባዕድ እንዳይገባው የተጣመሙ ቃላትና ብዙ የዲን የዐረብኛ ቃላት እንዳሉ ገልጿል።

ግሪዮል በኋላ እንደ መርማሪ ዳኛ ሰውን ያፋጥጣል ተብሎ ተተችቷል። በጣም የታወቀው ሥራው ግን የተገኘው ቁጭ ብሎ በማዳመጥ ነው። በማሊ ወደሚኖሩት ዶጎኖች እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ሲመላለስ ቆይቶ፣ በ1946 ኦጎተመሊ የተባለ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አስጠርቶት ለ33 ቀናት አጫወተው።

ወይጦዎች ቃላቸውን የሸሸጉት ያለ ምክንያት አልነበረም። የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ሲጸየፋቸው፣ እስልምናቸውን እንኳ ሳይቀበል ኖሯል። በዚያው ሱራ 11ኛው አንቀጽ ሌላውን ሕዝብ ማላገጥና በመጥፎ ስም መጥራት መከልከሉን ብናስብ፣ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፋችን መጠይቅ ይዘን ወደ ሐይቁ ዳር ስንወርድ አዳቡን እንጠብቅ። ሰላምታ እናስቀድም፤ ኒያችንን በግልጽ እንንገር፤ በመስጂዳቸው አብረን እንስገድ፤ ሲያጫውቱን አናቋርጥ። ስላሳለፉት ውርደት እኛ አንጠይቅ፤ ካነሱት ግን በአክብሮት እንስማ። ያ ዘፈን አንዴ አምልጦናል፤ ዛሬ በአማርኛ የሚነግሩን ግን ብዙ አለ።

አላህ ጎረቤቱን ከሚያውቁና ከሚያከብሩ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።